ግማሹ ይመረጥ

የሰውየው ሙያ ማሯሯጥ ነበር። በረጅም ሩጫ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ለሌላው ይመክታል፣ ፍጥነቱን ያስተካክልለታል፤ ማለቂያው ሲቃረብ ወደ ዳር ወጥቶ ጃኬቱን ይደርባል። የማለቂያውን ክር አንድም ቀን በደረቱ በጥሶ አያውቅም። የከተማው ሰው «ግማሹ» ይለዋል። ስሙን የሚጠራው ጠፍቷል፤ እናቱ እንኳ በስሙ አትጠራውም።

አመሉ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገባ። ሻይ ይጀምርና ይተወዋል። የሳሎኑን ግድግዳ ቀለም ሲቀባ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ብሩሹን አጥቦ ተቀመጠ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ያልተዘመዘመ ጠርዝ ካየች እንቅልፍ ለማይወስዳት ሴት እንዲህ ያለ ባል መስጠት ግፍ ነው።

ሩጫ ሲያቆም ለከንቲባነት ልወዳደር አላት። እሷም አንድ ነገር ብቻ ለመነችው።

«ብትሸነፍም ግድ የለኝም። ብቻ ይህን አንዱን ጨርስልኝ።»

«እጨርሳለሁ» አለና ሻዩን ግማሽ ላይ ትቶ ተነሣ።

ተፎካካሪው በሥልጣን ላይ ያሉት ከንቲባ ናቸው። ብዙ ከመቆየታቸው የተነሣ ሰዉ «ከነወንበራቸው ነው የሚቀበሩት» ይላል። የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ሲወጡ መሀል ላይ ቆመው ያርፋሉ፤ ልጆቻቸውና ባለሟሎቻቸው ግን ከኋላ ደግፈው ያወጧቸዋል።

ቅስቀሳው ደራ። ከንቲባው ዛሬ በሄዱበት ሰፈር ነገ ግማሹ ይደርሳል። እሳቸው የቀሰቀሱትን ሕዝብ እሱ ያናግረዋል። ዕድሜውን ሙሉ ከፊት የሮጠ ሰው አሁን ከኋላ ሲከተል አገር ሳቀበት።

ሚስቱ ግን ሌላ ነገር አየች። የከንቲባው መኪና ከቤታቸው ጀርባ መቆም አዘወተረ። አንድ ቀን ከሱቋ ቀደም ብላ ስትመለስ ሁለቱ ሳሎን ተቀምጠዋል። በሩ ገርበብ ብሏል። ባሏ ረጋ ብሎ ሲያስረዳ ሰማች።

«አሯሯጭ ሲወጣ ወደ ግራ ጠጋ ይላል። ዞሮ አያይም። ዞሮ ያየ ይመለሳል።»

«ሰው አይሳደብም?» አሉ ከንቲባው።

«ያጨበጭባል እንጂ። የድርሻውን ሠርቷላ።»

ከንቲባው በረጅሙ ተነፈሱ።

ሴትዮዋ በቆመችበት ክው አለች። ባሏን በእጃቸው አስገብተውታል። መደለያ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ማቋረጥ ከሆነ እሱ በነፃም ይወዳል። ለምን ብላ አልጠየቀችውም። ለመጨረሻው ክርክር እየሰፋችለት የነበረውን ኮት ግን አንድ እጅጌውን ሳትገጥም ሰቀለችው።

ቀኑ ደርሶ ሊለብስ ሲያነሣው ግራ ገባው። ሁለተኛው እጅጌ የት እንደደረሰ ጠየቃት።

«ለግማሽ ሰው ግማሽ ይበቃዋል» አለችው።

ትንሽ አሰበና ለበሰው። ደግሞ ፈገግ ማለቱ!

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ባለ አንድ እጅጌው ተወዳዳሪ ከከንቲባው ጎን ቆመ። አወያዩ ጉሮሮውን ጠረገና ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ራሳቸውን ከውድድሩ ማግለላቸውን ሊያሳውቁ ነው አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ ግማሹ ዞረ፤ ከኋላ ያሉት ከወዲሁ መሳቅ ጀመሩ። ሚስቱ ይጨርሳል ብላ በማመኗ በራሷ አፈረች፤ በእሱም አዘነች። ይህችን አንዷን ብቻ ነበር የለመነችው። እንዳታይ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንዳትሰማ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች፤ ጭብጨባው ወለሉን ሲያንቀጠቅጠው በእግሯ እስኪሰማት ድረስ እንዲሁ ቆየች።

ዓይኗን ስትገልጥ ባሏ ባለ አንድ እጅጌ ኮቱን እንደለበሰ በቦታው ቆሞ ያጨበጭባል፤ ከንቲባው ደግሞ ወደ ግራ ጠጋ ብለው፣ ዞረው ሳያዩ፣ በጎን በር እየወጡ ነበር።