ለእንግዳ መነሳት

«ኖር!» አሉና ጋሽ ወንድይፍራው ሁለት እጃቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተክለው ራሳቸውን ወደ ላይ ገፉ።

የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት ሠራተኛዋ ትርንጎ ጠጋ አለች። ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከጦር ኃይሎች ኮልፌ ድረስ በእግሯ የተመላለሰችው ለዚች ደቂቃ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው አስኮ ውስጥ ከግንበኛ መወጣጫ ላይ ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ፣ ሰው አንስቶ ሰው ያስቀምጣቸው ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በግራና በቀኝ አጋድማ፣ እየተቆጣች እየለመነች መነሳት ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ዛሬ ደግሞ ልፋቱ ለውጥ አምጥቶ እንደሆነ ሊገመግም ጓድ አምሐ ከድርጅቱ ዋና ቢሮ መጥቷል። ቅጹ ላይ «ያለ ሰው ድጋፍ ይነሳል» ከተባለ ክራንች ይሰጣቸዋል። «አይነሳም» ከተባለ ክራንችም የለ፣ ትርንጎም ሁለተኛ አትመጣም።

ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። መቀመጫቸው ከወንበሩ ተላቀቀ፤ ወገባቸውም መቃናት ጀመረ።

«ኧረ በእግዜር! ኧረ በሞቴ!» ጓድ አምሐ ማኅደሩን ብብቱ ሥር ወትፎ ዘሎ ደረሰ። «ኧረ እኔ ልቁም! አይነሱብኝ!» ብሎ ትከሻቸውን ይዞ መልሶ ቁጭ አደረጋቸው። ከዚያ እሱም ተቀመጠና ቅጹን ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ።

ትርንጎ በትከሻው ላይ አሻግራ ቅጹን አየች።

«ጓድ አምሐ፣ አይነሳም ብለው ጻፉ? ሲነሱ አላዩም?»

«ግማሽ ድረስ አይቻለሁ። ያላየሁትን አልጽፍም።»

«እርስዎ ነዎት እኮ ያስቀመጧቸው!»

«ታዲያ አባቴ የሚሆኑ ሰው ሲነሱልኝ ዝም ብዬ ልይ? እኔ እንደዚያ አላደግሁም።»

ከልቡ ነው፤ የሚያበግነውም ይሄው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ሰድባው ይወጣላት ነበር።

«በይ አሁን ይነሱና ልይ፣ እሰርዘዋለሁ» አላት።

ትርንጎ ወንበሩ ሥር ተንበረከከች። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

«አልነሳም።»

«በእናትዎ!»

«ቅድም የተነሳሁት ለእንግዳ ነው። ለወረቀት አልነሳም። ተነስ ሲባል መነሳት፣ ተቀመጥ ሲባል መቀመጥ የእስረኛ ነው፣ ልጄ።»

እኚህ ሰውዬ አጣናው ላይ ተንጠልጥለው ስንቴ አልቅሰዋል! ክራንቹ ሲመጣ መጀመሪያ የት እንደሚሄዱ እንኳ ነግረዋታል፤ ፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ ወረፋ ጠብቀው እንደ ሰው ሊላጩ። አሁን እነዚህ ሁለት ጨዋዎች መሀል ቆማ መጮህ አማራት። ጮኸችም።

«ጨዋነታችሁ ገደል ይግባ!»

ጓድ አምሐ ጉሮሮውን ጠረገና ቅጹ የባለጉዳዩ ፊርማ እንደሚያስፈልገው ተናገረ።

ጋሽ ወንድይፍራው ማንበብ የተማሩት መሠረተ ትምህርት ገብተው ነው። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ አስኬዱ።

«አ... ይ... ነ... ሳ... ም።»

ጣታቸው እዚያው ቀረ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አይደለም ይበሉት እንጂ!» አለች ትርንጎ።

«ቤቴ የመጣን ሰው ዋሸህ አልለውም» አሉና፣ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጽፈው ፈረሙ።

ጓድ አምሐ ብድግ ብሎ፣ ከወገቡ ጎንበስ አለና፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበላቸው።