የጫካው ሰው ክንድ

"ጋውተ፣ ይሄ ሰውዬህ ዝንጀሮ ነው እንዴ?" አለችኝ ሱኒቫ።

በኖርዌይ በርገን ከተማ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በየማክሰኞው የምንገናኝ ጀማሪ ሠዓሊዎች ነን፤ እሷ ከሁላችንም ትሻላለች። ያሳየኋት ለልጄ ለኢልቫ ብዬ ከራሴ ፈጥሬ የሣልኩትን የጫካ ሰው ነበር። ሥዕሉ ውስጥ የኢልቫ መኝታ ክፍል በር አጠገብ አቁሜዋለሁ።

ሱኒቫ ሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት ደርባ ሰውዬውንም በሩንም ገለበጠችና ትክክለኛውን ክንድ በቀይ እርሳስ ሠራችልኝ። "እጁ ሲንጠለጠል ጣቶቹ ከጭኑ መሀል አያልፉም።"

ቤት ገብቼ ክንዱን አጠፋሁና እንዳለችው አሳጥሬ ሣልኩት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሥዕሉን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሳቀች። "አንተ ደግሞ አትሰማም። ጭራሽ አስረዘምከው?"

ክንዱ ወደ ጎን ተዘርግቷል። ጣቶቹ የበሩን እጀታ ለመንካት ትንሽ ነው የቀራቸው።

"እኔ አይደለሁም" አልኳት።

"ቆይ ላሳይህ።" ያለፈውን ሳምንት ስስ ወረቀት ከራሷ ማህደር አውጥታ ሥዕሉ ላይ ደረበችው። ጭንቅላቱ ገጠመ። እግሩም ገጠመ። እሷ ራሷ በቀይ ያሳጠረችው ክንድ ግን ከእኔው ክንድ አልፎ ሄዶ፣ የበሩን እጀታ ጨብጧል።

ሱኒቫ አልሳቀችም።

"ጋውተ፣ ልጅህ አሁን የት ናት?"

"ክፍሏ ውስጥ" አልኳት።