አጠራጣሪ ሰላምታ

ጋሽ አደም ከሚሴ ውስጥ በአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ድሮ መዝገብ ቤት ሰው አይጠፋበትም ነበር። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ግን እሳቸውን ፈልጎ የሚመጣ የለም። ባለቤታቸው ኡሚ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። አንዲት ልጃቸው ሙና በአፋር በረሃ አቋርጣ ወደ ዓረብ አገር ከሄደች አምስተኛ ዓመቷ ነው፤ ወሬዋ ከጠፋ ደግሞ አራተኛ። ስልካቸው ባቲ ገበያ ላይ ጠፍቶ ቁጥራቸው ስለተቀየረ፣ ሙና የምታውቀው አንድ አድራሻቸውን ብቻ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል።

መስከረም ላይ አንድ ኢሜይል መጣላቸው። «አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ይጫኑ» ይላል። ጋሽ አደም የተባለውን አልተጫኑም። ሰላምታ አለመመለስ ግን ወንጀል ነውና «ወዓለይኩሙ ሰላም» ብለው ጻፉ።

በማግስቱ የአይሲቲ ባለሙያዋ መስታወት መጣች። ከኮምቦልቻ ተመድባ የመጣች፣ ምሳዋን በሯን ዘግታ ብቻዋን የምትበላ ልጅ ናት።

«ጋሽ አደም፣ እኛው ነን ለሙከራ የላክነው» አለች። «ከሁለት መቶ ሠራተኛ የመለሱት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ሰላም ሲሉኝ ዝም ልበል፣ ልጄ?»

«ሌባ ቢሆንስ? የማያውቁት ሰው ሲጽፍልዎ፣ ሳይመልሱ መጥተው ለእኔ ያመልክቱ። ደግመው ከመለሱ አድራሻዎ ይዘጋል።»

ጋሽ አደም ያሰቡት ሙናን ነው። አድራሻው ከተዘጋ ሙና ብትጽፍ የት ትጽፋለች?

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከማያውቁት አድራሻ ሌላ ኢሜይል ገባ። «አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት አደሩ?» ሌላ ነገር የለውም፤ ስምም የለውም።

ኮሪደሩን አቋርጠው ሄደው አመለከቱ። መስታወት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ ሰማቻቸው።

«ሌባ መጀመሪያ ያለማምዳል» አለች። «አልመለሱም አይደል?»

ወላሂ ሊሉ ነበር፤ በሐሰት መማል ከበዳቸውና «ኧረ ምን በወጣኝ!» አሉ። መልሰው ነበር።

መስታወት ፈገግ አለች። «ደግ አደረጉ። የላኪውን አድራሻ እዘጋዋለሁ።»

ምን ይዘጋል! በማግስቱም መጣ፣ በሠልስቱም መጣ። በየሥራ ቀኑ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ከተፍ ይላል። ቅዳሜና እሁድ ዝም ነው፤ ሌባም ዕረፍት አይጠላም። ጋሽ አደም እየመለሱ ያመለክታሉ፣ እያመለከቱ ይመልሳሉ። የጥምቀት ሰሞን ኢሜይሉ አንድ ሳምንት ሲጠፋ መስታወትም ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዳ ስለነበር፣ ለማን አቤት እንደሚሉ እንኳ ግራ ገባቸው። መዝገብ ቤቱ ያን ሳምንት ጠበባቸው።

መልሳቸው እየረዘመ ሄደ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጻፉ። ሰንበቴ ገበያ ስለገዟት ፍየል አመል ጻፉ። ኡሚ ከሞተች ወዲህ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ የሚባል ቀምሰው እንደማያውቁ፣ ሌሊት ሌሊት ሽታው ውል እንደሚላቸው ጻፉ። ይህን ለሰው ተናግረውት አያውቁም፤ ለማንስ ይናገሩ? የማይታወቀው ላኪ ግን ፓስወርድ አልጠየቀ፣ ገንዘብ አልጠየቀ። «አላህ ያሽርዎ። ዛሬስ እንዴት አደሩ?» ብቻ ነው።

ሌባ እንዲህ ይታገሣል? አንድ ሐሳብ ገባባቸው፤ ከገባም በኋላ አልወጣ አለ። በየጠዋቱ እንዴት አደሩ የሚል የሥጋ ዘመድ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ስሟን የምትደብቀው አሠሪዎቿን ፈርታ ይሆናል።

አንድ ሰኞ እንዲህ ሲሉ ጻፉ። «ልጄ፣ ሙና ነሽ? ነኝ በይኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ያን ዕለት ለመስታወት አላመለከቱም።

ማክሰኞ ሁለት ተኩል ሆነ፤ ምንም የለም። ረቡዕም፣ ሐሙስም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ መስታወት ስታያቸው አንገቷን ደፍታ አለፈች፤ እሳቸውም የዚያን ሰሞን ሰው የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም። አይ አደም፣ ምናለ አፍህን ብትይዝ! ሙናም ከሆነች አስደነገጥካት፣ ሌባም ከሆነ አባረርከው ይላሉ ለራሳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ሌባውም ቢሆን ናፍቋቸዋል።

በመጨረሻ ሊያመለክቱ ተነሡ። ሌላው ሰው መጣብኝ ብሎ ያመለክታል፤ እሳቸው ቀረብኝ ሊሉ ነው። ሲመልሱ እንደከረሙ ሁሉንም ሊናገሩ፣ አድራሻውም ቢዘጋ ይዘጋ፣ ብቻ ከየት አገር ይላክ እንደነበር ፈልጊልኝ ሊሏት ቆረጡ።

የመስታወት በር ተቆልፏል። ጥበቃው ዘይኑ ከደረጃው ሥር በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላቸው።

«ጋሽ አደም፣ አካም ቡልተኒ?»

«ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው። ይቺ ልጅ የት ገባች?»

«አልሰሙም እንዴ? ዝውውር ጠይቃ ነበር፤ ትናንት ደሴ ሄደች። አደራ ለጋሽ አደም ስጥልኝ ብላ ይቺን ፌስታል ትታለች። ‹አፉ ይበሉኝ በልልኝ› አለች፤ ምን አጥፍታ እንደሆን እንጃላት።»

ጋሽ አደም ፌስታሉን ፈተው የዕቃውን ክዳን ሲያነሡ፣ ውስጡ በቅቤ የራሰ ጭኮ ነበር።