ሦስት ማሽን በሦስት ከተማ

እስራኤል ሰበታ፣ ገመቺስ ቡራዩ፣ ፈቲያ ሱሉልታ ይኖራሉ። ሦስቱም ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ ለሥራ ይገባሉ፤ ሦስቱም ተዘጋጅቶ የመጣ ሶፍትዌር ይንቃሉ። ላፕቶፓቸው ላይ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማንኛውንም ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመር ከጻፈው ጥሬ ጽሑፍ፣ ተነስቶ እዚያው ኮምፓይል የሚያደርግ፣ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይር ነው። አንድ ብሮውዘር ለመጫን ግማሽ ቀን ይፈጃል። መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከሀ ብሎ ይጀምራል። ይህ ነፃነት ይባላል።

ነፃነቱ ሲከብዳቸው እስራኤል መላ አመጣ። እያንዳንዳቸው ቤታቸው አንድ ትልቅ ማሽን ያስቀምጣሉ። አዲስ የሶፍትዌር ፓኬጅ ሲወጣ የአንዳቸው ማሽን ኮምፓይል አድርጎ የጋራ ሰርቨር ላይ ይጭናል፤ ሌሎቹ ያወርዳሉ።

«እያንዳንዱ ፓኬጅ ላይ የሠራው ሰው ስም ይጻፍበት» አለች ፈቲያ።

«ምን ያደርጋል? እንተማመናለን አይደል?» አለ እስራኤል።

ገመቺስም መተማመንን አጥብቆ ደገፈ።

ሥራው ከተጠበቀው በላይ ሰመረ። ችግሩም እሱ ሆነ። ጠዋት የወጣ ፓኬጅ ከምሳ በፊት ሰርቨሩ ላይ ይገኝ ጀመር። እስራኤል አሰላው፤ ሦስት ማሽን ቀርቶ ስድስትም ይህን አይችልም። አንዳቸው ከኢንተርኔት የተዘጋጀ እያወረደ ያታልላቸዋል ማለት ነው። ማን ምን እንደከተተበት የማይታወቅ ነገር ላፕቶፓቸው ውስጥ እየገባ ነው።

«እኔ እንዳልሆንኩ እምልልሃለሁ» አለው ገመቺስን።

«እኔም አይደለሁም፤ እናቴን!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ቅዳሜ ሱሉልታ፣ ፈቲያ ቤት ሄዱ።

«አካም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ» አለች ፈቲያ በሩን እየከፈተች።

እስራኤል ሳይቀመጥ ጀመረ። «ይሄ ሁሉ ፍጥነት ከየት መጣ?»

«ኮምፓይል የሚያደርገውን ፕሮግራም አሻሻልኩታ! አሁን የተቀየረውን ክፍል ብቻ ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋም ከቆመበት ይቀጥላል። ኮዱን ከላክሁላችሁ አራት ወር ሆነኝ፤ አላነበባችሁትም?»

የሶርስ ኮድ ወዳጆቹ ተያዩ። ለማንበብ ጊዜ አላገኙም ነበር።

«ነገሩ የኮድ ሳይሆን የታማኝነት ነው» አለ ገመቺስ፣ ከልቡ አዝኖ።

ፈቲያ ከቡድኑ እንድትወጣ ድምፅ ተሰጠ፤ ሁለት ለአንድ። የፈቲያ ፊት ተለዋወጠ። ስንት ቅዳሜና እሁዷን የበላ ሥራ ነበር።

«ያለ እኔ ትችሉታላችሁ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሁለት ማሽን ይበቃናል።» እስራኤል ሰርቨሩን ከፍቶ እዚያው ፊቷ ስሟን ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ሰረዘ። በሚኒባስ ሲመለሱ እሱና ገመቺስ መንገዱን ሙሉ ሰው ስለማመን ከባድነት አወሩ።

ሰኞ አስቸኳይ የደኅንነት ማሻሻያ ወጣ። እስከ ረቡዕ ሰርቨሩ ላይ ምንም አልመጣም። ሐሙስ እስራኤል ደወለ።

«ገመ፣ ማሽንህ ምን ነካው?»

«የቱ ማሽን? የኔንማ ጥር ላይ ሸጥኩት፤ ያንተ አለ ብዬ።»

እስራኤል የራሱን የሸጠው ታኅሣሥ ላይ ነበር።