በካሜራው ፊት የተሰጠ ሰላምታ

«ካሜራ ዓይን እንጂ አንጀት የለውም!» አለ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካው ከወንበሩ ተነስቶ። «ሰውዬው የሚከንፈው ምጥ የያዛትን ሚስቱን ይዞ ይሁን ጠግቦ፣ ብረት በምን ያውቃል? እኔ ግን ፊቱን አንዴ ካየሁት በቃ፣ አበጥሬ አውቀዋለሁ።»

የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰቡት ባልደረቦቹ ሳቁ። «ዛሬስ ተነስቶበታል!» አለ ከኋላ የተቀመጠው ቀልደኛ ሞተረኛ።

ፊሽካው አልሳቀም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው የእግረኛ ማቋረጫ ሰው ይቁምበት ወይስ አዲሱ የፍጥነት ካሜራ ብቻውን ይብቃው የሚለው ዛሬ ይወሰናል። ከዚያ ካነሱት የሚመድቡት የተያዙ ሞተር ሳይክሎች የሚቆሙበት ግቢ ነው፤ ዝገት ሲጠብቅ ጡረታው ይደርሳል። ፀጉሩ የሸበተው ማቋረጫው ላይ ነው። ፊሽካው የሚለውን ስም ያወጡለትም የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

ማዕረግ ሲታደል ሁሌ እሱ ጋ ሲደርስ ያልቃል። «ትምህርቱ አይመጥንም» እያለ ስሙን የሚሰርዘው ደግሞ አንድ ሰው ነበር፤ አሁን ዋናው መሥሪያ ቤት ትልቁ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ። ፊሽካው ይቺን ቂም እንደ ልጅ አሳድጓታል። ሻይ በተጠጣ ቁጥር ያነሳታል፦ «በእኔ መንገድ ይምጣ ብቻ! እንደማንም አስቁሜ ባልቀጣው ከምላሴ ላይ ፀጉር ንቀሉ!»

«በል እስኪ አረፍ በል» አለው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ። «ካሜራው ትናንት ጠዋት ያነሳውን እንየውና ትቀጥላለህ።»

ኮምፒውተሩን የምትሠራው ልጅ ለቤቱ አዲስ ናት፤ ማንን እንደምታሳይ አታውቅም። «ጋሼ ቆመው በነበሩበት ሰዓት ካሜራው የያዘው አንድ መኪና ብቻ ነው» አለች። ምስሉ ግድግዳው ላይ በራ።

ጥቁር መኪና። ፍጥነቱ በቀይ ተጽፏል፤ ከተፈቀደው እጥፍ ነው። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ዜብራው ጠርዝ ላይ አንዲት እናት ልጇን ይዛ፣ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አውርዳለች። ፊሽካው ግራ መዳፉን ፊቷ ደቅኖ ወደ ኋላ መልሷታል። ቀኝ እጁ ቆቡ ጫፍ ላይ ነው። ደረቱ ተነፍቷል፤ ጥርሱ እስከ መንጋጋው ተገልጧል።

መኪናውን የማያውቅ አልነበረም፤ የዋናውን መሥሪያ ቤት ሰውዬም።

«እሺ፣ ፀጉሩን ማን ይንቀልለት?» አለ ሞተረኛው።

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ እየተቀባበለ ፊት ድረስ መጣ።

«ላስቆመው ነበር እኮ» አለ ፊሽካው። «እጄን ያነሳሁት... ላስቆመው ነው።»

«በቆብህ?» አለ ኃላፊው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣው ይሻለው ነበር።

ትናንት ማታ ለሚስቱ የነገራት ሌላ ነው። «ያ ሰውዬ ዛሬ በእኔ በኩል አለፈ፤ ዞር ብዬም አላየሁት» ብሏት፣ እሷም «እሰይ፣ ደግ አደረግህ!» ብላው ነበር። ሲነግራት እሱ ራሱ አምኖት ነበር።

«ሰሌዳው እንዲነበብ ላቅርበው?» ጠየቀች ልጅቷ።

«ተይው ልጄ። ዝጊልኝ፣ በእናትሽ» አለ ፊሽካው።

«ንግግርህስ?» አለ ኃላፊው። «አልጨረስክም።»

ፊሽካው አቀረቀረ። ቆቡን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና የሚያደርግበት ጠፍቶት ብብቱ ሥር ሸጎጠው።

«ካሜራው ይብቃው» አለ። «እኔ ሞተሮቹን እጠብቃለሁ።»

አሁን ማንም አልሳቀም። ልጅቷ ምስሉን ልትዘጋ ስትል ቀና አለ። እናቲቱ የያዘቻትን ሕፃን ያያት ያን ጊዜ ነው። ሕፃኗ መኪናውን አታይም። አንጋጣ የምታየው እሱን ነው፤ እንደ እሱ ደረቷን ነፍታ፣ ጥርሷን ገልጣ፣ ትንሿን መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋለች።