መሐላ በፍየሎች ደሴት

ስታማቲያ ፍየሏን በቀንዷ ይዛ የጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመች። የቤቷ ምልክት ያለበት የፍየሏ ጆሮ ከሥሩ ተቆርጦ ደሙ ገና አልደረቀም። ከፍየልና ከባሕር ወፍ በቀር ነዋሪ በሌላት በዚያች ቋጥኛማ ደሴት ላይ፣ ከእሷ ሌላ የነበረው ሰው ጠዋት በጀልባዋ ያሻገረችው ዋርሳዋ ማኑሶስ ብቻ ነው።

«ጆሮ የሌላት ፍየል ላገኛት ሰው ናት፣ የወንድሜ ሙሽራ» አለና ሳቀ።

«ያገኛትስ ቢላዋህ ነው። አይደለም ካልክ ግባና ማል!»

በአገራቸው ፍየል የተሰረቀበት ሰው የጠረጠረውን በቅዱስ ኒቆላዎስ ሥዕል ፊት ያስምለዋል፤ ከማለ ነገሩ አለቀ። ስንቱ ጉልበተኛ እዚህ ደጃፍ ላይ ወኔው ከድቶት የሰረቀውን መልሷል። ስታማቲያም ማኑሶስ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቀች። እሱ ግን ደም የነካው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ገባ፤ ሥዕሉን ሳመና ዓይኑን በጨው ታጥቦ «አልነካኋትም» ብሎ ማለ።

«በይ አሁን ፍየሌን ጀልባው ላይ ጫኚልኝ።»

የፍየሏን ቀንድ አስጨበጠችው፤ ወደ ባሕሩ ወርዳ ገመዱን ፈታችና ጀልባዋን ከቋጥኙ ገፋች።

«አንቺ! እኔስ? ነፋሱ ሊነሣ ነው እኮ!»

«ምን አስጨነቀህ?» አለች መቅዘፊያውን እያነሣች። «የማልክበት ቅዱስ የባሕረኞች አባት አይደል? እውነት ከማልክ ያሻግርሃል።»