ለሐይቁ ዙሪያ ስንቅ

አዛውንቱ የሐይቁን ዙሪያ በከዘራቸው ጫፍ መሬት ላይ ሣሉ። "ጠዋት በረግረጉ እንጀምራለን፤ ቀትር ላይ አሸዋው ዳር አረፍ ብለን፣ ሳይመሽ ዞረን እዚሁ እንገባለን።"

"ረግረጉ ላይ አንቸኩል" አሉ ባለቤታቸው በሶውን እየቋጠሩ። "ደንገሉ የያዘውን ቶሎ አያሳይም።"

የልጃቸው ታንኳ ባዶዋን ከተመለሰች ሁለት ቀን አልፏል። ዓሣ አጥማጆቹ፣ ሐይቅ የወሰደውን በሦስተኛው ቀን ዳር ያወጣል ብለዋቸዋል።

ሴትዮዋ ውኃ ሊቀዱ ወጣ ሲሉ፣ አዛውንቱ ለመግነዝ የገዙትን አቡጀዲ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው የስንቁ ከረጢት ውስጥ ሊደብቁ እጃቸውን ሰደዱ። ከበሶው በታች የልጃቸው ሹራብ ታጥቦ፣ ታጥፎ ተቀምጧል።

"ሲወጣ ይበርደዋል ብዬ ነው" አሉ ሴትዮዋ ከበራፉ ላይ።

አዛውንቱ አቡጀዲውን ቀስ ብለው ወደ ጋቢያቸው መለሱት።